ከደጋፊነት እስከ ድምፅ ሰጪነት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ዓርብ ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ያለፈ ሰው የሕዝብን ብዛት በዓይኑ ዓይቶ ይመለሳል። የመስጊዱ ግቢ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውስጥ ቦታ ያጣው ሰጋጅ መስገጃውን ከአስፋልቱ ላይ ያነጥፋል፤ ባለሱቁ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ይወጣል፤ ተሸካሚው ሸክሙን አውርዶ፣ ባለጋሪው ጋሪውን አስጠግቶ ከሰጋጁ ጋር ይሰለፋል። ስግደቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ ሰው ተነሥቶ ወደ ዱባይ ተራ፣ ወደ ሸማ ተራ፣ ወደ ሲዳሞ ተራ፣ ወደ ምናለሽ ተራና ወደ አውቶቡስ ተራ ይበተናል። ብዙም ሳይርቅ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በንግሥ ዕለት በዚያ በኩል የሚታየው ሕዝብም እንዲሁ መንገድ የሚዘጋ ነው።

በምርጫ ዘመን የድምፅ ማጉያ በመኪና ላይ አስሮ በእነዚህ መንገዶች የሚያልፍ ዕጩ ተወዳዳሪ ሰላምታና ጭብጨባ አይቸግረውም። መርካቶ ሰው አክባሪ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰፈር ነው፤ ለመጣበት እንግዳ «አለንልህ» ለማለት አይሰስትም። ዕጩውም ያን ቃል ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመለስ ሰፈሩን በእጁ ያስገባ ይመስለዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ «አለንልህ» በተባለበት ቀንና ድምፁ በተቆጠረበት ሌሊት መካከል ያለው ርቀት ነው።

«ይህ የፖለቲካ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ሆኖም ከምንጩ የተነሣው ውኃ ከቧንቧው አፍ ሲደርስ ለምን እንደሚያንስ መመርመር፣ ብክነቱ የቱ መጋጠሚያ ላይ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅና ጥገናውን ከዚያ መጀመር የመሐንዲስ የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። የደጋፊ ቃል ድምፅ እስኪሆን ድረስ የሚጓዝበት መስመርም የራሱ መጋጠሚያዎች አሉት፤ በየመጋጠሚያውም የሚፈስስ አለ። ስለዚህ ነገሩን በሙያው ዓይን መመልከት ከቦታው መውጣት አይሆንም።

የሁለት ቀን ሰልፍ

በአገራችን የምርጫ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ግንቦት 7 ቀን ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደጋፊዎቹን ጠራ፤ አደባባዩ ሞላ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ በዚያው አደባባይ ደጋፊዎቹን ጠራ፤ አደባባዩ እንደገና ሞልቶ ወደየመንገዱ ተረፈ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ሳጥኑ ሲከፈት ከአዲስ አበባ 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ አንድም አላገኘም፤ ሁሉንም ቅንጅት ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱ የቅንጅት ሆኑ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የትኛው ድርጅት የበለጠ ተወደደ ከሚለው ጥያቄ የሰፋ ነው። ሁለቱንም ቀን ከአደባባዩ ከፍታ ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው በሥዕሎቹ ላይ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የሞላ አደባባይ፣ የሚውለበለብ ሰንደቅ፣ ከፍ ያለ እጅ። አንደኛው ሥዕል ወደ 23 መቀመጫ፣ ሁለተኛው ወደ ባዶ እጅ እንደሚያመራ ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። ከመጣው ሰው መካከል መሥሪያ ቤቱ የጠራው፣ ዓመል አይቶ ለመመለስ የወጣ፣ ባልንጀራውን የተከተለ፣ ቆብና ካናቴራ የወደደ፣ ከልቡ የደገፈም ይኖራል። ሰልፍ እነዚህን ሁሉ አንድ አድርጎ ያሳያል፤ የምርጫ ሳጥን ግን ይለያቸዋል። አባቶች «ከአንገት በላይ» ብለው የሰየሙት ነገር በአደባባይ አይታወቅም።

በአንዋር ሰፈር የሚያጨበጭበው ማን ነው?

ሰልፉ የከተማው ሁሉ ነበረ። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ፣ በተለይም በአንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ሰፈር «አለንልህ» የሚለው ሰው ከልቡ ቢናገር እንኳ ድምፁ ለዚያ ዕጩ ላይደርስ ይችላል። ምክንያቱ የክሕደት ሳይሆን የአድራሻ ነው።

የምርጫ ሕጉ መራጩ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ እንዲሆንና በሚመዘገብበት የምርጫ ክልል ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። የሚጠየቀው መኖሪያ እንጂ መነገጃ አይደለም። በገበያው መካከል ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ በዚህ ሚዛን ሲመዘን በአራት ይከፈላል።

አንደኛው ነጋዴው ነው። ሱቁ እዚህ ነው፤ ደንበኛውም፣ ዕቁቡም፣ ክብሩም እዚህ ነው። ማታ መዝጊያውን አውርዶ የሚሄደው ግን ወደ ኮልፌ፣ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ጀሞ ወይም ወደ ሌላ ሰፈር ነው፤ የመራጭነት ካርዱም የሚገኘው እዚያው ነው። ሁለተኛው ከክፍለ ሀገር መጥቶ በሱቅ ተቀጣሪነት፣ በተሸካሚነት ወይም በጫማ ጠራጊነት የሚኖረው ወጣት ነው። እርሱ በእርግጥ እዚሁ ያድራል፤ ከሱቁ ቆጥ ላይ ወይም በኪራይ አልጋ። ነገር ግን የነዋሪነት መታወቂያ የለውም፤ ሕጉ ስለሚቀበላቸው ሌሎች ማስረጃዎችም የነገረው የለም። ሦስተኛው ዕቃ ገዝቶ በማግሥቱ ወደ አገሩ የሚሳፈረው የክፍለ ሀገር ነጋዴ ነው። አራተኛው ከሱቆቹ ጀርባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ፣ በአሮጌ የቀበሌ ቤት የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ለዚያ የምርጫ ክልል ድምፅ የሚሰጠው በዋናው ይህ አራተኛው ነው፤ እርሱ ግን ዕጩው በመኪና ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ላይገኝ ይችላል። እናት እንጀራ እየጋገረች ነው፤ አያት ከአልጋ አልተነሡም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ላይ የከተማው መለወጥ ይጨመራል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከመሐል ከተማው ብዙ ቤተሰብ በጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣም ሆነ በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። የተዛወረው ሰው ለዕድር፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ይመለሳል፤ የሰፈሩን ዕጩ ያውቃል፣ ይወዳልም። ነገር ግን የወዳጅነቱ ሰፈርና የምርጫ ጣቢያው ሰፈር ተለያይተዋል። ዕጩው ይህን ሰው ከደጋፊዎቹ ቢቆጥረው አልተሳሳተም፤ ከድምፅ ሰጪዎቹ ቢቆጥረው ግን ሒሳቡ ይጎድልበታል።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር ለደጋፊ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ትደግፈኛለህ ወይ?» ሳይሆን «ማታ የምታድረው የት ነው? ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ጥያቄው ከክብር ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የሞላውን መንገድ ከሚሞላው ሳጥን ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው።

የድምፅ መስጫ ቦታ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአንዋር ሰፈር ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። በ2004 ዓ.ም. በየዓርቡ በዚህ መስጊድ ይሰማ ከነበረው ጥያቄ አንዱ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ምርጫ በመስጊዶች ይካሄድ የሚል ነበር። ምርጫው መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በቀበሌዎች ተካሄደ፤ ጥያቄውን ያነሡትም አንቀበለውም ብለው ከምርጫው ቀሩ። ያ የሃይማኖት ተቋም ምርጫ እንጂ የመንግሥት ምርጫ አልነበረም፤ የክርክሩም ሥር ከቦታ በላይ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ያስረዳል፤ ለመራጭ «የት ነው የምመርጠው?» የሚለው «ማንን ነው የምመርጠው?» ከሚለው የማያንስ ጥያቄ ነው።

ብክነቱ የት ላይ ነው?

አሁን መስመሩን ከምንጩ ጀምሮ እንከተለው። ቀጥሎ ያለው ስሌት ለማስረጃ የተበጀ ምሳሌ እንጂ ከየትም የተገኘ ቆጠራ አይደለም። አንድ ዕጩ 1000 ሰዎች «አለንልህ» ብለውታል እንበል። ከእነዚህ በምርጫ ክልሉ የሚኖሩት ከመቶ 60 ቢሆኑ 600 ይቀራሉ። ከ600ው የተመዘገቡት ከመቶ 80 ቢሆኑ 480 ይሆናሉ። ከተመዘገቡት ከመቶ 90 በዕለቱ ቢወጡ 432፣ ከወጡትም ከመቶ 95 የሚሆኑት ወረቀቱን ሳያበላሹ ምልክቱን በትክክል ቢያኖሩ 410 ድምፅ ይገኛል። በየደረጃው የጠፋው ትንሽ ይመስላል፤ በመጨረሻው ግን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ቃሉን ያጠፈ አንድም ሰው ሳይኖር ማለት ነው።

ይህ ዕጩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተጨማሪ ሰልፍ ጠርቶ 200 አዲስ ደጋፊ ማፍራት ነው፤ በዚያው መስመር ሲያልፉ ጠቅላላው ድምፅ 492 ይደርሳል። ሁለተኛው ምንም አዲስ ደጋፊ ሳይፈልግ፣ በክልሉ ከሚኖሩት 600 ደጋፊዎቹ መካከል የተመዘገቡትን ከመቶ 80 ወደ 95 ከፍ ማድረግ ነው፤ ጠቅላላው ድምፅ 487 ይደርሳል። 90 ሰዎችን አስከትሎ ወደ ምዝገባ ጣቢያ መውሰድ 200 ሰዎችን በንግግር ከማሳመን ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ይህን የሚያህል ልዩነት በማንኛውም የምሕንድስና ፕሮጀክት ላይ ቢታይ ገንዘቡ ወዴት እንደሚመደብ የሚያከራክር አይሆንም ነበር።

የአገራችን የምርጫ ታሪክም ወደዚያው ያመለክታል። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡት ከመቶ 80 በላይ፣ በ2002፣ በ2007ና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 90 በላይ ድምፅ እንደ ሰጡ የምርጫ ቦርድ አስታውቋል። ከተመዘገበው ሰው የሚቀረው ጥቂት ነው ማለት ነው። በመሆኑም ትልቁ ብክነት በምርጫው ዕለት ሳይሆን ከዚያ ብዙ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ማንም ሰልፍ በማይጠራበት፣ በምዝገባው ወቅት የሚደርስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የታየው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ምዝገባው በመጋቢት ሲጀመር በአዲስ አበባ የታየው ሁኔታ ቀዝቃዛ ነበር፤ የምርጫ ቦርድም የተመዘገበው ሰው ከተጠበቀው ማነሱን በይፋ ገለጠ፤ ቀኑም እንዲራዘም ተደረገ። በዚያን ጊዜ የየድርጅቱ ስብሰባ ባዶ አልነበረም፤ ፉክክሩም በየመገናኛ ብዙኃኑ ይሰማ ነበር። ባዶ የነበረው የመዝጋቢው ጠረጴዛ ነው። በኋላ ሰው ተመዝግቦ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲደርስ ግን ሰልፉ ረዘመ፤ በምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረው የድምፅ መስጫ ጊዜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ያኔ «እደግፋለሁ፤ ግን አልተመዘገብሁም» የሚል ሰው በሰልፉ አጠገብ አልፎ ወደ ቤቱ ከመግባት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም።

ከዕቁብ የሚገኝ ትምህርት

ቃልን ወደ ተግባር የማድረሱን ጥበብ ለመማር የመርካቶ ሰው ሩቅ አገር መሄድ የለበትም፤ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ያገኘዋል። ዕቁብ የሰዎች ቃል ነው፤ ይኸውም በየሳምንቱ ወይም በየዕለቱ ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚል ቃል። ይህ ቃል ዓመት እስከ ዓመት የሚከበረው የአባላቱ ፍቅር ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ስሙ በመዝገብ ስለ ተጻፈ፣ ቀኑ ስለ ተቆረጠ፣ ጸሐፊው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ስለሚዞር፣ የቀረም ቢኖር ዳኛው በስሙ ጠርቶ ስለሚጠይቀው ነው። ዕቁብ አደባባይ ወጥቶ «ዕቁብተኞች ሆይ ክፈሉ» ብሎ በድምፅ ማጉያ አይጮኽም። ቢጮኽ ኖሮ ዕጣው በሁለተኛው ሳምንት በተቋረጠ ነበር።

በሌላ አገር በምርምር የተገኘው ውጤትም ከዕቁቡ ልማድ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1998 አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኒው ሄቨን ከተማ 30 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩ። ለአንዳንዱ ሰው በአካል ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲመርጥ አሳሰቡ፤ ለሌላው ደብዳቤ ላኩ፤ ለሌላው ስልክ ደወሉ። በአካል ያነጋገሩት ሰው ከመቶ 9 ነጥብ ገደማ ይበልጥ ወጥቶ መረጠ። ደብዳቤው የጨመረው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ስልኩ ምንም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዴቪድ ኒከርሰንና ቶድ ሮጀርስ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሌላ ሙከራ አደረጉ። «ትመርጣለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። «በስንት ሰዓት ትሄዳለህ? ከየት ተነሥተህ ነው የምትሄደው? ከዚያ በፊት ምን ትሠራለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ሰው ግን ከሌላው ከመቶ 4 ነጥብ ገደማ ይበልጥ መረጠ።

በአሜሪካና በመርካቶ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ሐሳቡ ግን የሚያሻማ አይደለም፤ «አዎን» የሚለው መልስ ርካሽ ነው፤ ሰዓትና መንገድ የተቆረጠለት «አዎን» ግን ግማሽ ሥራ ነው። የዕቁቡ ጸሐፊ ይህን ካወቀው ቆይቷል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ የተባለው በአንዋር ሰፈር ለሚወዳደር ማንኛውም ዕጩ፣ የየትኛውም ድርጅት ይሁን ወይም የግል ተወዳዳሪ፣ በሥራ ላይ ሲውል የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

በመጀመሪያ መለየት ነው። የዕጩው ሠራተኞች መዝገብ ከአደባባዩ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱ ይጀምራል፤ ቤት ለቤት፣ ግቢ ለግቢ። በገበያው የተገኘውና ሌላ ሰፈር የሚኖረው ደጋፊም አይጣልም፤ ነገር ግን በሌላ ዓምድ ይጻፋል። እርሱ በመኖሪያ ሰፈሩ እንዲመዘገብ ይነገረዋል፤ እዚህ ደግሞ የሚያውቃቸውን ነዋሪዎች እንዲያነጋግር ይለመናል። ነጋዴው ለዕጩው ድምፅ መስጠት ባይችል ከሱቁ ጀርባ ያለችው እናት ቃሉን ትሰማዋለች።

ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው። ይህ ለብዙ ሳምንት የሚዘልቅ ፀጥ ያለ ሥራ ነው። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበትን ማሳደስ፣ ማስረጃ የሌለውን ምን እንደሚያስፈልገው ከመዝጋቢው ጠይቆ ማስረዳት፣ አረጋውያንን ደግፎ መውሰድ፣ የቀን ሠራተኛው ዕለታዊ ገቢው እንዳይቋረጥበት የሚመቸውን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ከሱቅ ቆጥ ላይ የሚያድረው ወጣት በዚህ ደረጃ ካልተደረሰለት በሌላ በምንም አይደረስለትም።

ሦስተኛው ካርዱን ማስጠበቅና ጣቢያውን ማሳወቅ ነው። ሰው ድምፅ የሚሰጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነው። በአንድ አካባቢ ብዙ ጣቢያ ሲኖር፣ አንዱ በትምህርት ቤት፣ ሌላው በድንኳን ሲሆን፣ መራጭ ወደማይገባው ሰልፍ ገብቶ ግማሽ ቀን ቆሞ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ዕለት ሁለተኛ ሰልፍ ለመጀመር ትዕግሥት ያለው ጥቂት ነው።

አራተኛው ምልክቱን ማስተማር ነው። በ1997 ዓ.ም. ንብ የኢሕአዴግ፣ ከፍ ያሉ ሁለት ጣቶች የቅንጅት ምልክት መሆናቸውን የማያውቅ የከተማ ልጅ አልነበረም፤ በ2013 ዓ.ም. አምፖል የብልጽግና፣ ሚዛን የኢዜማ ምልክት ነበሩ። የዕጩውን ስም የሚያውቅ ደጋፊ ምልክቱን ላያውቅ ይችላል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ምልክቱ ነው ስሙ። ለሁለት ምክር ቤቶች በአንድ ቀን በሚመረጥበት ጊዜ ሁለት ወረቀት እንደሚሰጠው፣ በሁለቱም ላይ ምልክት ማኖር እንዳለበት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

አምስተኛው ቀኑን ማቀድ ነው። በሕጉ የምርጫ ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት አስቀድሞ ይቆማል። ያ የጥሞና ጊዜ ነው፤ ዕጩው ዝም ይላል። ስለዚህ «ነገ ከስንት ሰዓት ላይ፣ ከማን ጋር፣ ልጁን ለማን ሰጥተህ፣ ሱቁን ለማን ትተህ ትወጣለህ?» የሚለው ጭውውት ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ተቀጣጥሮ ቢሄድ ሰልፉም ያጥርለታል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የቅስቀሳ ቦታ እንዳይሆኑ ሕጉ ይከለክላል። ዕድርና ዕቁብም የተቋቋሙት የየትኛውም ወገን ሰው አብሮ እንዲያለቅስና አብሮ እንዲቆጥብ ነው። ከእነርሱ መወሰድ የሚገባው የመዝገብ አያያዛቸው እንጂ መዝገባቸው አይደለም።

ድምፅ ሰጥቶ ያልደገፈ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ደጋፊን ድምፅ ሰጪ የማድረግ ጥበብ ነው። ጥበቡ ከመስመሩ ሲወጣ ምን እንደሚሆንም የአገራችን ታሪክ አሳይቷል፤ ይህም ሳይነገር ቢቀር ንግግሩ ጎደሎ ይሆናል።

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በውጤቱ ሳቢያ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መርካቶም ጥይት ከተሰማባቸው ሰፈሮች አንዷ ነበረች። ቅንጅት ያሸነፈውን የከተማ አስተዳደር ሳይረከብ ቀረ። ድምፁን ሰጥቶ ፍሬውን ያላየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ለመሄድ እግሩ ቢከብደው አይፈረድበትም። ከሁሉ የከፋው ብክነት ይህ ነው፤ ከሳጥኑ በኋላ የሚደርስና ተመልሶ ምንጩን የሚያደርቅ።

ኢሕአዴግ በበኩሉ ከሽንፈቱ ትምህርት ወሰደ። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአራት ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀትም ቤት ለቤት ተዘረጋ። በመዝገብ አያያዝ ረገድ ከዚህ የተሟላ ሥራ በአገራችን አልታየም ማለት ይቻላል። በ2002 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች 22ቱን ወሰደ፤ አንዱን መድረክን ወክለው የተወዳደሩት አቶ ግርማ ሠይፉ አገኙ። በ2007 ዓ.ም. ግንባሩና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ። ከዚያ ምርጫ ዓመት ሳይሞላ በብዙ አካባቢ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ራሱ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ።

ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን ሲታዩ ተቃራኒ ስሕተት ያሳያሉ። በ1997 ዓ.ም. አደባባዩን የሞላው ሰው ሁሉ ድምፅ ሰጪ ተብሎ ተቆጠረ፤ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠው ሰው ሁሉ ደጋፊ ተብሎ ተቆጠረ፤ እርሱም አልነበረም። በአምስት ሰው ቁጥጥር ሥር ያለ «አዎን» ከአደባባዩ ጭብጨባ የበለጠ ስለ ልብ አይናገርም። መለኪያው የሚለካውን ነገር መግፋት ከጀመረ ንባቡ ዋጋ እንደሚያጣ መሐንዲስ ያውቃል፤ የግፊት መለኪያው መርፌ በእጅ ቢያዝ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ቧንቧው ግን በዚያው ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል።

ድንበሩ የት እንደ ሆነ ለመለየት ከዕቁቡ ጋር ማነጻጸር በቂ ነው። ዕቁቡ መክፈልህን ዓይቶ ይመዘግባል፤ የምርጫ ሥራ ግን ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ውጭ መቆም አለበት። መመዝገብህን፣ ካርድህን መያዝህን፣ ሰዓትህን መቁረጥህን መጠየቅ ይገባል፤ መውጣትህን ማስታወስ ይገባል። ከመጋረጃው ኋላ ምን እንዳደረግህ መጠየቅ፣ ለዚያ መክፈል ወይም ለዚያ ማስፈራራት ግን የሰውየውን ድምፅ ከመስረቅ አይለይም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባላል፤ ዕዳነቱ ግን ለባለቤቱ ሕሊና እንጂ ለሰብሳቢ የሚከፈል አይደለም።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ጉዳዩ ለዕጩዎች ብቻ የሚነገር አይደለም። በዚህ ማኅበር ውስጥ በመንገድ፣ በግድብና በሕንፃ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ዓመቱን ከመኖሪያው ርቆ የሚያሳልፍ ባለሙያ ብዙ ነው። በሥራው አካባቢ ልዩ የምርጫ ጣቢያ ከሌለ፣ ወይም እርሱ ራሱ በጊዜው ካልተመዘገበ፣ ስለ አገሩ ያለው አስተያየት በሻይ ሰዓት ጨዋታ ላይ ይቀራል። የተማረ ሰው አስተያየት ከአንዋር ሰፈር ተሸካሚ ጭብጨባ በምንም አይበልጥም፤ ሁለቱም በመዝጋቢው ጠረጴዛ በኩል እስኪያልፉ ድረስ ክብደታቸው እኩል ባዶ ነው፤ ካለፉ በኋላም እኩል አንድ ነው።

ዓርብ ቀን ከመስጊዱ የሚወጣውን ሕዝብ ተመልክቶ «ይህ ሁሉ የእኔ ነው» የሚል ዕጩ ወደፊትም አይጠፋም። ያን ዕለት ማታ ሱቆቹ ተዘግተው፣ ታክሲዎቹ ነጋዴውን ወደየሰፈሩ ወስደው፣ መንገዱ ፀጥ ሲል፣ በየመተላለፊያው ውስጥ መብራት የበራባቸው ጥቂት ቤቶች ይታያሉ። የምርጫ ክልሉ እነርሱ ናቸው። ሥራውን ከእነዚያ ቤቶች ደጃፍ የጀመረ፣ ገብቶም «ካርድ አውጥታችኋል ወይ?» ብሎ በጨዋ ደንብ የጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ምርጫውን ለቤቱ ባለቤት ትቶ የወጣ ዕጩ ቢሸነፍ እንኳ በእውነት ተቆጥሮ ይሸነፋል፤ ቢያሸንፍም ማን እንደ መረጠው ያውቃል።